ከሁለቱ ዴኮች እስከ ምሕረት ኮምፒውተር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የቪዲዮ ዴክ ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ ማጽዳት ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ተፈራ የዴኩን ክዳን ፈትቶ አልኮል የነካ ነጭ ጨርቅ ሰጠኝ። "ጥጥ እንዳትጠቀሚ፣ ክሩ ይቀራል። ደግሞ ወደ ጎን ብቻ ጥረጊ። ወደ ላይና ወደ ታች ከጠረግሽው ሰብረሽው ነው የምትነሺው" አለኝ። ወደ ጎን ብቻ ጠረግኩ። አልሰበርኩትም።

ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፣ በከተማው የቪዲዮ ካሜራ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ጋሽ ተፈራ የቀጠረኝ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። በሙስሊም ሰርግ ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም። ደንበኞቹ "ሴት የምታነሳ አለቻችሁ?" እያሉ ይጠይቁትና የለችም ሲላቸው ይመለሱ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ "ሴቶቹ ዘንድ ብቻ ከሆነ ትግባ" ብሎ ፈቀደ። ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለው ቤታችን በእግሬ እየተመላለስኩ ሥራ ጀመርኩ።

ማንሳቱን በሁለት ሰርግ ለመድኩት። ማቀናበሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዴክ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። በአንደኛው ያነሳነው ካሴት ይጫወታል፣ በሁለተኛው ባዶ ካሴት ገብቶ ፖዝ ላይ ይጠብቃል። የምንፈልገው ቦታ ሲደርስ ፖዙን እንለቃለን። ችግሩ ዴኩ ፖዙ ሲለቀቅ ወዲያው አይቀዳም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተንቀሳቅሶ ነው የሚነሳው። እያንዳንዱ ዴክ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ያንን ጠባይ በጣት ማወቅ ነበር ሙያው።

እኔ አወቅሁት። ሙሽራዋ ቀና ስትል የሚቆርጥ ጣት ነበረኝ። ጽሑፍ ሲያስፈልግ የሙሽሮቹን ስም በካርቶን ላይ በቀለም ጽፌ ካርቶኑን አነሳዋለሁ። ስሳሳት መመለስ የሚባል ነገር የለም፣ ከተሳሳትኩበት ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንደገና እቀዳለሁ። ስለዚህ አልሳሳትም ነበር። ጋሽ ተፈራ ለደንበኛ "የሰዓዳ ቆረጣ መገጣጠሚያው አይታይም" ይል ነበር። ይህንን ቃል ለዓመታት እንደ ደመወዝ እቀበለው ነበር።

በዘጠናዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ላይ ጋሽ ተፈራ አዲስ አበባ ሄዶ ኮምፒውተርና በትንሽ ካሴት የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ መጣ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ምሕረትን አመጣ።

ምሕረት የኮምቦልቻ ልጅ ነች፣ በዕድሜ እኩያዬ። ቤተሰቦቿ ፕሮቴስታንት ናቸው። በኮምቦልቻ ለሰው ማመልከቻ በሚጽፍ አንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ትሠራ ነበር፣ በትርፍ ጊዜዋም የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን እያነሳች ማቀናበር ለብቻዋ ተምራለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ስትገባ "ሰላም ነሽ እህቴ?" አለችኝ፣ "አልሐምዱሊላህ" አልኳት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ጎትታ ተቀመጠች፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ።

የምትሠራበት ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ሙቪ ሜከር ነው። ለጀማሪ የተሠራ ነገር ነው፣ ባለሙያ ነን የሚሉ ይስቁበት ነበር። በግራ በኩል ከካሴት የገቡት ክሊፖች ይደረደራሉ። በቀኝ በኩል ማያ መስኮት አለ። ከታች ታይምላይን የሚባል ረጅም መስመር አለ፣ ክሊፑን በማውዝ ይዘሽ እዚያ ላይ ታስቀምጫለሽ። ረዘመ? ጫፉን ይዘሽ ትገፊዋለሽ፣ ያጥራል። መሃሉን ካልፈለግሽ ለሁለት ትሰነጥቂውና ታወጪዋለሽ። አንዱን ክሊፕ በሌላው ጫፍ ላይ ብታስደርቢው አንደኛው እየደበዘዘ ሌላው ይመጣል። ከሥር ለመዝሙርና ለዘፈን ሌላ መስመር አለ። ስም ለመጻፍ ካርቶን አያስፈልግም፣ የአማርኛ ፎንት ጭናበት ትጽፋለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የሁለት ቁልፎች ነገር ነው። ተሳስታ ትስቅና ኮንትሮልና ዜድ ትጫናለች፣ ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። እኔ ስሕተት ላለመሥራት ስንት ዓመት ጣቴን አሠልጥኜ! እሷ እየሳቀች ትሳሳታለች።

"ነይ ላሳይሽ፣ ቀላል ነው" ትለኝ ነበር። "እኔ ዴኬ ይበቃኛል" እላለሁ። ወላሂ፣ መማር ፈልጌ ነበር። ከእሷ መማር ነው ያቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስቁማ አስረዳችኝ። "ሰዓዳ፣ ይህንን እንኳ እወቂ" አለችኝ። "ፕሮጀክት ብለሽ ያስቀመጥሽው ውስጥ ቪዲዮ የለም። ይህንን ፋይል ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ አሳይ የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። ያለቀለት ፊልም አድርገሽ እስክታወጪው ድረስ ፋይሎቹን ከቦታቸው እንዳትነኪ። ከተነኩ ቀይ የኤክስ ምልክት ነው የሚወጣው።" ለበጎ ነው የነገረችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደንበኞች ሲመጡ ጋሽ ተፈራ ወደ ኮምፒውተሩ ይወስዳቸው ጀመር። ዴኮቹ ላይ ጨርቅ ተጣለባቸው። አንድ ቀን ለአንዲት የሙሽራ እናት ሲናገር ሰማሁት፦ "ሰዓዳ ታነሳለች፣ ምሕረት ትሠራለች።" ስድብ የለበትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብሬያት አልበላሁም። ሴት በመሆኗ ደግሞ ሴቶቹ ክፍልም መግባት ትችላለች። የእኔ ብቻ የነበረው በር ለእሷም ክፍት ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የኮምቦልቻ ሰርግ ነው።

የሙሽራዋ አባት አቶ ደሳለኝ ይባላሉ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ደሴ ዙሪያ ነው፣ አባታቸው ገበሬም ቄስም ናቸው። አቶ ደሳለኝ ጴንጤ በሆኑ ጊዜ አባትየው አዝነው ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን አናግረው አያውቁም። ስምንት ዓመት። ይህንን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፣ በዚያን ቀን ምንም አላውቅም ነበር።

እኔና ምሕረት ሁለታችንም ካሜራ ይዘን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሄድን። እኔ ሙሽራዋ ስትለብስና ሴቶቹ ሲያጅቧት አነሳሁ። ሙሽሮቹ ወደ ድንኳኑ ሊገቡ ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሁለታችንም እዚያ ነበርን። መዝሙር እየተዘመረ ሳለ አንድ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ከበሩ ውጭ ቆመው አየሁ። የካሜራዬ ባትሪ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከሰርጉ ጋር ምን አገናኛቸው ብዬ ካሜራዬን አጠፋሁና ባትሪ ልቀይር ዞር አልኩ።

ምሕረት ካሜራዋን ወደ ሽማግሌው አዙራ ቆማለች። "ማንን ነው የምታነሺው?" አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ከእጇ ንቅንቅ አላለም።

ሽማግሌው ቄሱ አያት ነበሩ። ማንም ሳይጠብቃቸው ከገጠር በሚኒባስ መጥተው የልጅ ልጃቸውን መርቀው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት ምሕረት ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገባች። በቤታችን ደንብ የገባ ካሴት ወዲያው ለሚቀጥለው ሰርግ ይደገማል፣ በላዩ ሌላ ይቀዳበታል፣ ትንሹ ካሴት ከአዲስ አበባ እየተላከ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና። ስለዚህ የእሷ ካሴት ተደገመ። እኔ በዱሮው ካሜራ ያነሳሁበት ትልቁ ካሴት ገና መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ተፈራ የበሩን ክሊፕ ቁጭ ብሎ አየ። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ሰዓዳ፣ አንቺ የት ነበርሽ?" አለኝ።

ባትሪዬን ልሰካ ተነሳሁ። በማግስቱ ሁለቱ ለምሳ ሲወጡ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ፣ ከምሕረት ኋላ ቆሜ እንዳየሁት ክሊፑን ከፈትኩ። ስሕተት ልፈልግበት ነው። ካሜራው ዘንበል ብሎ ይሆን? ብርሃኑ በዝቶ ይሆን? አምስት ጊዜ አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም። አምስተኛው ላይ እኔም አለቀስኩ፣ ያለቀስኩት ግን ለሽማግሌው ብቻ አልነበረም። እንደዚያ ያለ ነገር በእኔ እጅ ተነስቶ እንደማያውቅ ገብቶኝ ነው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት የምሕረትን ክሊፖች በሙሉ ከቦታቸው አንስቼ፣ ተሠርቶ ባለቤቱ የወሰደው የሌላ ሰርግ ፎልደር ውስጥ ደበቅኳቸው። አቶ ደሳለኝ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሊያዩ ቀጠሮ አላቸው። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ምሕረት በእሳቸው ፊት ፕሮጀክቱን ትከፍታለች፣ ቀይ ኤክስ ይወጣባታል፣ ትደናገጣለች። ከዚያ እኔ "ቆይ እስኪ" ብዬ አገኘዋለሁ። ከዚህ ያለፈ ክፋት አላሰብኩም። ይህም ራሱ ትንሽ አይደለም።

ጋሽ ተፈራ ተሠርተው የተወሰዱ ሰርጎችን ከዲስኩ ላይ የሚያጠፋው ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። በዚያ ሐሙስ ግን ጠዋት አዲስ ሰርግ ሊያስገባ ሲል ዲስኩ ሞልቶ እምቢ አለው። ስለዚህ የተወሰዱትን አጠፋ፣ የጠፉ ፋይሎች የሚቆዩበትን ቅርጫትም ባዶ አደረገ፣ አዲሱን አስገባበት። ከቤት መጥቼ በሩን ስገባ "አሁን ሰፋ!" ብሎ እጁን እያሻሸ ነበር።

ዞር እስኪል ጠብቄ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፎልደሩን ፈለግኩ፣ የለም።

በአራት ሰዓት አቶ ደሳለኝ መጡ። ምሕረት ፕሮጀክቱን ከፈተች። ታይምላይኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ኤክስ ሆነ።

"ፋይሉን ያንቀሳቀሰ ሰው አለ" አለች።

"ከአንቺ ሌላ ይህንን ኮምፒውተር ማን ይነካል?" አለ ጋሽ ተፈራ።

"ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም።"

"ታዲያ ሰዓዳ ነካችው? ሰዓዳ ማውዝ መያዝ አታውቅም!"

ምሕረት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ሸሽቼ ጨርቅ የተጣለባቸውን ዴኮች አየሁ።

አቶ ደሳለኝ ቆመው "አባቴ የመጡበትስ?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተፈራ ወደ ስልኩ ሄደ። የኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠርቶ ቢሞክር፣ በቦታው ሌላ ሰርግ ስለገባበት ምንም አልተገኘም። በዚያው ቀን ጋሽ ተፈራ ምሕረትን አሰናበታት። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ "ደህና ሁኚ ሰዓዳ" አለችኝ።

ፊልሙን እኔ ሠራሁት። መሳቢያ ውስጥ ከነበረው ካሴቴ፣ ጨርቁን ከዴኮቹ ላይ አንስቼ፣ በዱሮው ዘዴ። መገጣጠሚያው አይታይም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ሙሽሮቹ ከውጭ ናቸው፣ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ናቸው። መሃል ላይ ምንም የለም። አቶ ደሳለኝ ሲወስዱት "እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ባዶ እጃችንን ቀርተን ነበር" አሉኝ። የፈለግኩት ቦታ ተመለሰልኝ፣ ደንበኛም አመሰገነኝ። ያንን ምስጋና ግን ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

ሁለት ወር ያህል ዝም አልኩ። ረመዳን ገባ። ጾሜን ይዤ መስገጃ ላይ ስቆም ቀይ ኤክሱ ይታየኛል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ምን ይዞሻል?" አለችኝ። "ሰው በድያለሁ" አልኳት። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የበደልሽው ሰው ቤት ሂጂ" አለችኝ።

ምሕረትን ኮምቦልቻ አገኘኋት፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ ማመልከቻ ትጽፋለች። ቆሜ ነገርኳት። ከየት አንስቼ የት እንደደበቅኩት፣ ለምን እንደሆነም ሳልደብቅ። ጽሕፈቷን አላቋረጠችም፣ መስመሩን ጨረሰችና ቀና አለች።

"ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። "ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።"

"አፉ በይኝ፣ ምሕረት። ይቅር በይኝ።"

"ለእኔ ያልሽው ደርሶኛል። አቶ ደሳለኝ ግን ይህንን አያውቁም። ቤታቸው ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። አብሬሽ አልሄድም።"

ብቻዬን ሄድኩ። አቶ ደሳለኝ ከሥራ ገብተው ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እንደ ፊተኛው ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ልጄ፣ ያን ክሊፕ አይተሽዋል?" አሉኝ።

"አምስት ጊዜ።"

"እኔ አላየሁም። እዚያው ነበርኩ፣ ግን ፊቴን በእጄ ሸፍኜ እያለቀስኩ ስለነበር አላየሁም። ድምፃቸውን ነው የሰማሁት። ምን እንዳደረጉ ንገሪኝ።"

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ቄሱ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው። ሙሽራዋ አየቻቸውና ከሚዜዎቿ ተነጥላ ወጣች። እሳቸው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው መስቀላቸውን አወጡ። ግማሽ ድረስ አወጡት። ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩ፣ ቆም አሉ፣ መልሰው ከተቱት። ባዶ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"መስቀሉን መለሱት?" አሉ አቶ ደሳለኝ።

"መለሱት።"

"እንዳትጨነቅ ብለው ነው?"

"እሱን አላውቅም። ፊቷን አይተው ነው የመለሱት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወደ እርስዎ መጡ። እርስዎ ፊትዎን ሸፍነዋል። ትከሻዎ ላይ ሊነኩዎት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሳይነኩዎት ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ነኩዎት።"

"እንዴት ነህ ደሳለኝ፣ ያሉኝ ያኔ ነው" አሉ። ተነሱና ወደ ቤት ተጣሩ። ሚስታቸው ወጡ። "ይህችን ልጅ ስሚያት። እንደገና ንገሪ፣ ልጄ፣ ምንም ሳትዘይ።" እንደገና ነገርኩ። የጎረቤት እናት መጡ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኩ። ስንት ሰከንድ እንደቆዩ፣ እጃቸው የቱ እንደሆነ፣ ሚዜዋ የት ቆማ እንደነበር ይጠይቁኛል። ሁሉንም አውቀው ነበር። በቅናት ስሕተት ልፈልግበት ስል በቃሌ ይዤዋለሁ።

ይቅር አሉኝ አላልኩም። ሲሸኙኝ "ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ነገ ገጠር እወጣለሁ" ብቻ ነው ያሉት።

ለጋሽ ተፈራም ነገርኩት። ጮኸብኝ፣ ሁለት ሳምንት ፊትሽን እንዳላይ አለኝ፣ ከዚያ የሰርግ ወቅት ሲመጣ አስጠራኝ። ምሕረትን ኮምቦልቻ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፣ ተመለሽም አላት። አልተመለሰችም። በኋላ እዚያው የራሷን ቤት ከፈተች። አንድ ዓመት አልፎ ሙቪ ሜከርን እንድታስተምረኝ ጠየቅኋት። "አብሽሪ፣ ነይ" አለችኝ፣ በእኛ በሙስሊሞቹ ቃል አይዞሽ ማለቷ ነው። ለሁለት ሳምንት ከደሴ እየወረድኩ ተማርኩ። በደንብ አስተማረችኝ፣ ግን ሻይ አብራኝ ጠጥታ አታውቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ያ ፕሮግራም ዛሬ ቀርቷል፣ ልጆች ስልካቸው ላይ በደቂቃ የሚቆርጡበት ሌላ መጥቷል። መሠረቱ ግን አልተለወጠም፦ ክሊፕ፣ መስመር፣ መቁረጥ፣ ማስደረብ፣ ድምፅ፣ ጽሑፍ። ኮንትሮል ዜድም አለ፣ የሚመልሰው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የሠራሽውን ብቻ ነው።

ለጀማሪዎች የምለው ሁለት ነገር ነው። ያለቀለት ፊልም ወጥቶ ደንበኛው እስኪወስደው ድረስ በዋናው ቀረጻ ላይ ሌላ አትቅዱ፣ በሁለት ቦታም አስቀምጡት። ሁለተኛው፦ በባልደረባ ሥራ መቅናት ይመጣል፣ እኔ ዛሬም በምሕረት የበሩ ቀረጻ እቀናለሁ። በቀናችሁበት ሰዓት ግን የሰውዬውን ፋይል አትንኩ። ከክፍሉ ውጡ።